አራት ባዶ ቤት

ሐይፋ ነው፤ ከተራራው ወገብ፣ ደረጃ ወርደው፣ ምድር ቤት፣
የባሕሩን ወዝ የሚመጥ ማሽን ሌት ተቀን የሚያጓራበት።
ሥራዬ የዛገ መንቀል ነው፤ የወረቀት ሽቦና መርፌ፣
በየገጹ ጥግ ቁጥር መጻፍ፣ እርሳሴን በቀስታ አሳርፌ።
ቀለም ክልክል ነው እዚህ ቤት። የማይፋቅ ነገር አንጽፍም።
እጃችን በሰው ዕድሜ ያልፋል፤ ያለፈበት ግን አይታወቅም።

ኤርዊን ላንዳወር ከሞተ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤
መቶ አርባ ሦስት ሣጥን ነው፣ ልጅ ያልወለደ ሰው ሀብቱ።
ከብሬስላው በሻንጣ የመጣ፣ ጠርዙን ውሃ የበላው ኳርቴት፤
ለአንድ ኪቡጽ መዘምራን፣ ለመከር በዓል የጻፈው ድርሰት፤
የተሰረዘ፣ የተመለሰ፣ ዳግመኛም የተሰረዘ፤
ከጀርባው «ሁለት ኪሎ ቲማቲም፣ ሳሙና» የሚል የያዘ።

አንዳንዴ ብቻዬን ያስቀኛል፤ ኖታው ከግራ ሲመጣ፣
ዕብራይስጡ ደግሞ ከቀኝ፣ ከወዲያ ጥግ ሲወጣ፣
መሐል ላይ ሲገጣጠሙ፣ በጠባብ ደረጃ እንዳለ ሰው፣
«እለፍ»፣ «ኧረ አንተ እለፍ» ሲባባሉ፣ ቃሉን ቆራርጦ አስቀመጠው።

ሰማንያ ስምንተኛው ሣጥን ውስጥ ግን ግጭት የለም።

ይ — ት — ባ — ረ — ክ

በእኛው ፊደል፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከኖታው እኩል ይራመዳል፤
ማን እንዳሳየው እንጃ፤ እንደ ጀማሪ ልጅ ጽፎታል፤
የ«ባ»ን እግር ከልክ በላይ ስቦ፣ መስመር አስጥሶታል።
ከራስጌው፦ «ቄስ ጀምበሩ፣ ከወገራ። አትሊት፣ የመጤዎች መቀበያ።
ክፍል አሥራ አንድ። ጥር። ዝናብ።
ዘማሪ፦ አንድ።»

ከ«ይትባረክ» ቀጥሎ አራት ቤት አጥሯል፤ አራቱም ባዶ።
በየቤቱ አንዲት የዕረፍት ምልክት፣
እንደ ጥቁር ጡብ ከመስመር ተንጠልጥላ።
ከላይ በጀርመንኛ፣ በቀጭኑ፦
«እዚህ ላይ ዝም ይላል። ሁልጊዜ። ልክ አራት። ለምን?»

አለቃዬ ትርጻ ናት ያነበበችልኝ። «ሽማግሌ ነው፣ ትንፋሽ ቢያጥረው» አለች።
አንድ ምሁር መጥቶ ነበር፤ ስለዚህ ዝምታ ብቻ ሠላሳ ገጽ ጻፈ፤
«የበረሃው ሐዘን ነው» አለ፤ መንገድ ላይ ለቀረ፣ ላረፈ።

መልሱን ግን ጎኔ ያውቀዋል፤ የአጎቴ የተገኘ ክርን፣
ቂርያት ያም፣ በጠባብ ሳሎን፣ በሰንበት ሲሰብር እንቅልፌን፦
«ቄሱ ሲያቆም ተራው ያንተ ነው!»

ዝም አላለም ጀምበሩ። ቦታ ለቀቀ። ለተቀባዮቹ ለቀቀ።
ተቀባይ ግን አንዱ አፉላ፣ አንዱ አሽቀሎን፣ አንዱም ዐርፎ ራቀ።
ክፍሉ ውስጥ የብረት አልጋ፣ ቴፕ፣ እርሳስ የያዘ እንግዳ፤
ሽማግሌው ላልመጡት ድርሻቸውን ቆጥሮ አስቀመጠ፣ እንደ አደራ፣ እንደ ዕዳ።
ላንዳወርም በታማኝ እጁ የሰማውን ጻፈ፦ ዕረፍት።
ቃሉ በእኛ አፍ ስንት ፊት እንዳለው ማን ነግሮት በዚያ ሌሊት።

ዐርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ትርጻ ካፖርቷን ደርባ ወጣች።
ማሽኑን አጠፋሁት። ከላይ ሐይፋም ሱቋን ዘጋች።
ጣቴን ከመጀመሪያው ባዶ ቤት ግርጌ አድርጌ፣
ድምፄ ዝጓል፤ ቢሆንም ተቀበልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ።
አንዱን ቤት። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ዜማው ከዳኝ፤
ግማሹን በዕብራይስጥ ቅላጼ፣ ግማሹን እንደመጣልኝ።
አራተኛው ሲያልቅ፣ ከአምስተኛው ቤት ደጃፍ
የቄሱ ኖታ ቆማ ነበር፤ በሰዓቷ ገባች።

ካርዱ ላይ «ዘማሪ፦ አንድ» ይላል።
በእርሳስ ነው።
ላጲስ አለኝ።